ድሮኔ ሎይተር ላይ ክብ እየሠራ ይሸሻል፣ ኮምፓሱ ይሆን?

ባለ4ሞተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ራሴ የገጣጠምኩት ድሮን አለኝ፣ በአርዱፓይለት (የድሮን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) ነው የሚሠራው። አልት ሆልድ (ከፍታውን ብቻ ራሱ የሚጠብቅበት ሁነታ) ላይ ሰላም ነው። ሎይተር (በጂፒኤስ ቦታውንም ጠብቆ የሚቆምበት ሁነታ) ላይ ሳደርገው ግን መጀመሪያ ትንሽ ክብ ይሠራል፣ ከዚያ ክቡ እየሰፋ ይሄድና በእጄ ካልመለስኩት ግድግዳ ሊመታ ነው። ጂፒኤሱ በቂ ሳተላይት ያያል። ኮምፓሱ ፍላይት ኮንትሮለሩ (በረራውን የሚመራው ሰሌዳ) ውስጥ ያለው ነው፣ በስሩ የባትሪው ገመድ ያልፋል። የኮምፓሱን ካሊብሬሽን (ማስተካከያ ልኬት) ደጋግሜ ሠርቻለሁ፣ ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

ሮተር፦ ወንድሜ፣ ጂፒኤሱን ተወው። እሱ ድሮኑ የት እንዳለ ይነግረዋል እንጂ ቆሞ ሳለ አፍንጫው ወዴት እንደዞረ አይነግረውም፣ ያ የኮምፓሱ ሥራ ነው። ንፋስ ወደ ምሥራቅ ሲገፋው ወደ ምዕራብ መመለስ አለበት፤ ኮምፓሱ 60 ዲግሪ ከሳተ ግን ምዕራብ ብሎ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው፣ ስህተቱን ላርም ሲል እንደገና ይስታል፣ ክቡ የሚመጣው ከዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ የምድር ማግኔት 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። 20 አምፒር የሚያልፍበት አንድ ገመድ ደግሞ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት 40 ይፈጥራል። ያንተ ገመድ እኮ ከስሩ ነው! ካሊብሬሽን ስትሠራ ሞተሩ ስለማይዞር ይሄ ጣጣ አይታይም። ኮምፓስ ያለው ጂፒኤስ በዘንግ ላይ ከፍ አድርገህ ትከል፣ የውስጡን አጥፋው። የባትሪውን ፕላስና ማይነስ ገመድ አንድ ላይ ጠምዝዛቸው፣ አንዱ የሌላውን ማግኔት በአብዛኛው ያጠፋዋል።

ሰማይ_ጠቀስ፦ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሎጉን (ድሮኑ የመዘገበውን የበረራ መረጃ) እይ። የማግኔት ፊልዱን (የማግኔቱን ጉልበት) እና ስሮትሉን (ለሞተሮቹ የሚሰጠውን ኃይል) አንድ ግራፍ ላይ አውጣቸው። ስሮትል ሲጨምር ፊልዱ ከ30 በመቶ በታች ከተነቃነቀ ብዙም አያሳስብም፣ ከ60 በላይ ከሆነ ግን እባክህ አታስነሳው፣ ሰው ላይ ይወድቃል። ካሊብሬሽኑንም የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ አትሥራ፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ሙሉ ፌሮ ነው። ሜዳ ውጣ፣ ስልክህን ከኪስህ አውጣ፣ ከመኪና ራቅ።

ደጋው፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ እዚህ በኮምፓስ ዕድለኞች ነን። አዲስ አበባ ማግኔታዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፊልዱ ወደ መሬት ሳይሰምጥ አግድም ነው የሚሄደው፣ አቅጣጫ ለማወቅ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። ሰሜን አውሮፓ ላይ አብዛኛው ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ኮምፓሱን ከገመዱ ካራቅከው እዚህ አሪፍ ይሠራል፣ አቅጣጫን ያለ ኮምፓስ ለሚለካው ባለ ሁለት አንቴና ጂፒኤስ አትቸኩል።

ባለ4ሞተር፦ ሎጉን አየሁት፣ ስሮትል በተነሳ ቁጥር ፊልዱ አብሮ ይዘላል፣ ከ60ም ያልፋል። አመሰግናለሁ! ዘንጉ የካርቦን ፋይበር ቢሆን ችግር አለው?

ሮተር፦ የለውም፣ ካርቦን ማግኔት አይስበውም። ብሎኖቹን ግን ናይለን አድርጋቸው።