ጥቆማ፦ ለአማርኛ ንባብ የሚሆን ታብሌትና መጽሐፍ ወደ ዲጂታል የሚቀይር ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

የጓሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ቀሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት እንዴት ጠብቆ እንዳቆየ፣ መቼ እንደሚዘጋና መቼ ለአጨዳ እንደሚከፈት ከሽማግሌዎች እየጠየቁ የጻፉት፣ መጽሐፍ የሚወጣው ረቂቅ አላቸው። ማተሚያ ቤት ዋጋ ጠይቀን አንገታችንን ደፍተን ተመለስን። አሁን በራሳችን በዲጂታል ልናወጣው አስበናል። ይህን ሥራ ደብረ ብርሃን ውስጥ በቅጡ የሚሠራ ማን ነው? ሁለተኛው ጥያቄዬ የታብሌት ነው። የአጎቴ ዓይን ደክሟል፤ ፊደሉን አጉልተው የሚያነቡበት ልገዛላቸው እፈልጋለሁ። በጀቴ እስከ 30 ሺህ ብር ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሳልሄድ እዚሁ ባገኝ እመርጣለሁ።

ጠባሴ ሠፈር፦
ስለ መጽሐፉ አላውቅም። ለታብሌቱ ግን ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ፎቅ ላይ ወዳለው ልጅ ሂጂ፤ ሌላ በር አታንኳኪ። የእኔም የባለቤቴም ስልክ፣ የእህቴም ላፕቶፕ ከእሱ ዘንድ የተገዛ ነው። ሻይ ሳይጋብዝ ሰው አይሸኝም።

ውርጭ የለመደ፦
ምን ዓይነት ታብሌት ይዟል? ዋስትናስ ይሰጣል?

ጠባሴ ሠፈር፦
ዋስትናው ልጁ ራሱ ነው። ቤተሰቡን ጭምር አውቃለሁ።

ሸዋ ሮቢት ቆላ፦
እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት የእኔን ጉድ ስሚ። ሱቁን አልጠራም፤ ከተማውንም አልናገርም። ባለ 10 ኢንች፣ «512 ጊጋባይት» ተብሎ ካርቶኑ ላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈበት ታብሌት ገዛሁ። ዋጋው ከሌሎቹ ግማሽ ነበር። የልጆቼን ፎቶዎች፣ የእናቴን ተዝካር ቪዲዮ፣ ያለኝን ሁሉ ገለበጥኩበት። ከዚያ ፎቶዎቹ ከላይ ሰው፣ ከወገብ በታች ግራጫ ሆነው ይከፈቱ ጀመር። ቪዲዮው ድምፁ ብቻ ቀረ፤ ቀጥሎ እሱም ጠፋ። ባለሙያ ሲያየው እውነተኛው መያዣ 32 ጊጋባይት ብቻ ነው። ማሽኑ 512 ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል። ሻጩ «ቫይረስ ነው» አለኝ። ደረሰኙን ባወጣ «ልዩ ልዩ ዕቃ» ይላል። ልዩ ልዩ ዕቃ!

አንኮበር ዳገት፦
በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። እኔንም በሚሞሪ ካርድ እንዲሁ አድርገውኛል።

ሞላሌ ነኝ፦
የእናትዎ ቪዲዮ መጥፋቱ ያሳዝናል። ሌላ ቅጂ የለዎትም?

ሸዋ ሮቢት ቆላ፦
የቀረጸው ልጅ ዱባይ ሄዷል። እየጠየቅነው ነው።

ጠባሴ ሠፈር፦
ሱቁን አልጠራም እያልክ በጎን መውጋት ከሆነ ንገረን። እኔ የጠቆምኩት ልጅ እንዲህ ያለ ዕቃ አይነካም።

ሸዋ ሮቢት ቆላ፦
ወንድሜ፣ ያንተን ልጅ አላውቀውም። ለምን እንደደነገጥክ ግን ገረመኝ።

ሕግ አዋቂ ጎረቤት፦
ለሁላችሁም፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ ስትቀበሉ የዕቃው ሞዴልና መለያ ቁጥር እንዲጻፍ አድርጉ። «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል ወረቀት ይዛችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ብትሄዱ ምን እንደገዛችሁ ማስረዳት አትችሉም። ሲም የሚቀበል ታብሌት ከሆነ *#06# ሲደወል የሚወጣው ቁጥርና ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ሚሞሪውን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው የሚያነቡ ነጻ መፈተሻ ፕሮግራሞችም አሉ። ሻጩ ይህን ከፊቱ እንዳትሞክሩ ከከለከለ ዕቃውን ተዉለት።

ደነባ ገበያ፦
ለዓይን ከሆነ መነጽር ይቀድማል። ታብሌት ዓይን ያደክማል እንጂ አያሳርፍም። አባቴን ሆስፒታል ወስደን መነጽር ካሠራንላቸው ወዲህ ዳዊታቸውን ያለ ችግር ይደግማሉ።

የጓሳ ልጅ፦
መነጽር አላቸው። አመሰግናለሁ። ስለ መጽሐፉ የሚያውቅ የለም?

ውርጭ የለመደ፦
ስለ መጽሐፉ ሌሎች ይምጡ፤ እኔ በእጄ ያሉትን ላወዳድር። አንዱ ሳምሰንግ ታብ ኤ9 ነው፦ 8.7 ኢንች፣ 332 ግራም። ትልቁ ወንድሙ ኤ9 ፕላስ 11 ኢንች ሆኖ 480 ግራም ይመዝናል። ሌላው ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝ ኪንድል ፔፐርዋይት ነው፤ 6.8 ኢንች፣ ስክሪኑ በኤሌክትሮኒክ ቀለም የሚሠራ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ። ገና አዲስ ስለሆኑ ስሜቴን የመጀመሪያ ትዝብት ብላችሁ ያዙት።

በረንዳ ላይ በቀትር ፀሐይ ሳምሰንጉ መስታወት ይሆናል፤ ከጽሑፉ ይልቅ የራሴን ፊት አያለሁ። ኪንድሉ እንደ ወረቀት ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ባትሪውም በየቀኑ ቻርጀር አይለምንም። በሌላ በኩል ኪንድሉ ገጽ ሲገለጥ ለቅጽበት ይጠቁራል፤ እናቴ «ተበላሸ» ብላ መለሰችልኝ። ፒዲኤፍ ስትከፍችበት ደግሞ ገጹን እንዳለ ስለሚያሳንሰው ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ለአጎትሽ ፒዲኤፍ ብቻ ካለሽ ኤ9 ፕላስ ይሻላል፤ መጽሐፉ በኢፐብ፣ ማለትም ፊደሉ ሲጎላ መስመሩ አብሮ በሚስተካከለው የዲጂታል መጽሐፍ ፋይል፣ ከተሠራ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ብርዱም ልንገርሽ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው በውርጭ ሲነጣ ታብሌት መስኮት ሥር አትተዪ። ባትሪ በብርድ አቅሙ ይወርዳል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ይጎዳዋል። ስክሪኑ ተራ የሱፍ ጓንት አያውቅም፤ ሰውየው በርኖስ ለብሰው ጣታቸውን ማውጣታቸው አይቀርም።

የድሮ ሰው፦
የመጀመሪያው አይፓድ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አሜሪካ የሚኖር ወንድሜ ይዞት መጥቶ ነበር። 9.7 ኢንች፣ 680 ግራም ገደማ። መንደሩ ሁሉ ሊያየው ተሰበሰበ። ጋደም ብዬ ሳነብ እንቅልፍ ይዞኝ አፍንጫዬ ላይ ወደቀ፤ ምልክቱ አሁንም አለ። የዛሬዎቹ ቀለውላችኋል።

አንኮበር ዳገት፦
ጋሼ፣ አፍንጫዎትን ያየነው በዚያ ምክንያት ነው እንዴ?

የድሮ ሰው፦
ልጅ አደብ ግዛ።

ዩኒቨርሲቲው በር፦
የጓሳ ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉትን የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ዞሬ ጠይቄያለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ላሠራ። ዲጂታል መጽሐፍ እንሠራለን የሚሉት አብዛኞቹ ጽሑፉን ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው በገጽ ያስከፍላሉ። አንዷ ሴትዮ ብቻ ማውጫውን ሲነኩት ወደ ምዕራፉ እንዲዘል አድርጋ ሠርታልኛለች፤ እጇ ፍጹም ነው። አንዱ ቤት ግን ሽፋኑን የሠራው ኢንተርኔት ላይ ባገኘው የስዊዘርላንድ ተራራ ነው። ጽሑፌ ስለ ጅሩ በሬ ማድለብ ነበር።

የምፀት ባለቤት፦
እስካሁን የተጠቆመው ይኸውና፦ ሻይ የሚጋብዝ ልጅ፣ መነጽር፣ የሰው አፍንጫና የስዊዘርላንድ ተራራ። እህታችን አንድ መጽሐፍ ልታወጣ መጥታ የገና ገበያ ውስጥ ገባች።

እነዋሪ መምህር፦
የምፀት ባለቤት እውነቱን ነው፤ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። እህቴ፣ አስቀድመሽ አንድ ነገር ንገሪኝ። ረቂቁ በምን ተጻፈ? ፋይሉን በስልክሽ ስትከፍቺው አማርኛ ይታያል ወይስ የእንግሊዝኛ ፊደል ቅልቅል?

የጓሳ ልጅ፦
ቅልቅል ነው መምህር። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው። ኮፒ ቤቱ «እንደገና ይጻፍ» ብሎ የገጽ ዋጋ ነገረኝ።

እነዋሪ መምህር፦
እንደገና አታጽፊ! ችግሩ ይህ ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሥሩ ያለው ላቲን ብቅ ይላል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ መለያ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በአሮጌው መንገድ የተጻፈውን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሥራው ከተቀየረ በኋላ በዓይን መልቀም ነው። ቧ፣ ሟ፣ ቷ የመሳሰሉትን፣ ቁጥሮችንና አራት ነጥብን ነጥለሽ ተመልከቺ፤ የሚበላሹት እነሱ ናቸው። «በልቷል» የሚለው ቃል ከመካከሉ ፊደል ጎድሎት ብታገኚው አትደንግጪ።

ዩኒኮድ ከሆነ በኋላ ጽሑፉን በሊብሬኦፊስ ክፈቺው። ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቀጥታ ኢፐብ ያወጣል። የምዕራፍ ርእሶችን በርእስ ስታይል ብቻ አድርጊ፤ ፊደል በማጉላትና በማድመቅ ርእስ ካስመሰልሽው ማውጫው ባዶ ይወጣል። ከዚያ ሲጂል በሚባለው ሌላ ነጻ ፕሮግራም ከፍተሽ ፎንቱን መጽሐፉ ውስጥ ክተቺው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክን ተጠቀሚ፤ ፈቃዳቸው ክፍት ነው። ኒያላ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ ለሚሸጥ መጽሐፍ አልመክርሽም። ፎንቱ ካልተከተተ በአንዳንድ ማንበቢያ ላይ ገጹ በባዶ ሳጥን ይሞላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉን ግራና ቀኝ እኩል አታስተካክዪው፤ ከግራ ብቻ ይጀምር። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ ማንበቢያዎቹ ደግሞ ቃላችንን ሰብረው ወደ ቀጣዩ መስመር ማሳለፍ አያውቁም። አጎትሽ ፊደሉን ሲያጎሉት በአንድ መስመር ሦስት ቃል ቀርቶ በመካከሉ በሬ የሚያልፍበት ክፍተት ይፈጠራል።

ውርጭ የለመደ፦
መምህር፣ በአማዞን መሸጥስ ይቻላል?

እነዋሪ መምህር፦
እኔ ባየሁበት ጊዜ አማርኛ በአማዞን ራስ አሳታሚነት ከሚደገፉት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቋንቋዎች ውስጥ አልነበረም። ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ከሆነ 70 በመቶ፣ ከዚያ ውጭ 35 በመቶ ለደራሲው ይሰጣሉ፤ ለእኛ ግን በሩ ጠባብ ነው። ያለን አማራጭ በቴሌብር ተቀብሎ ፋይሉን መላክ ነው። ፋይሉ በማግስቱ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ በነጻ ቢገኝ ግን ማን ይከሰሳል? የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት እያለም ካለፈም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቀዋል፤ በወረቀት ላይ። በእኔ አስተያየት የጓሳ መጽሐፍ የሚያተርፈው ብር ሳይሆን አንባቢ ስለሆነ በትንሽ ዋጋ አውጡት። አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. የሚባለውን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ የአገራችን ቁጥር በ978-99944 ይጀምራል። ወደፊት በወረቀት ብታሳትሙት ሌላ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ለአንዱ ቅርጽ የወጣው ለሌላው አያገለግልም።

ጠባሴ ሠፈር፦
ልጁን ጠየቅሁት። ኢፐብ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ግን እናስተካክላለን ብሏል።

የምፀት ባለቤት፦
ሻይ እየጠጣችሁ ታስተካክላላችሁ።

ጠባሴ ሠፈር፦
ቅናት ነው።

ሸዋ ሮቢት ቆላ፦
ወንድሜ፣ ልጁ የሚሸጠውን ታብሌት እስከ አፉ ሞልቼ ልፈትሽ ብትዪው ይፈቅድ እንደሆነ ትጠይቀዋለህ? ከፈቀደ እኔም እመጣለሁ።

ጠባሴ ሠፈር፦
«ብትዪው» አይደለም፣ ወንድ ነኝ። እጠይቀዋለሁ።

ሸዋ ሮቢት ቆላ፦
ይቅርታ፣ ለእህታችን የጀመርኩት ነበር።

የጓሳ ልጅ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ልኬልዎታለሁ። አጎቴ ስለ አባ ቀራ፣ ስለ ቀሮው አለቃ፣ የጻፉት እዚያ ውስጥ ነው፤ «መምህሩ ከመንዝ ከሆነ ያርመኝ» ብለዋል።

እነዋሪ መምህር፦
ደርሶኛል። የጅሩ ሰው ነኝ፤ መንዜን አላርምም። ፊደሉን ግን አያለሁ።

ሞላሌ ነኝ፦
አባ ቀራ ሲመረጥ አያቴ ነበሩበት። አጎትዎ አግኝተዋቸው ይሆን?

ደብረ ሲና፦
ይቅርታ፣ ርእስ ካላስቀየርኩ፦ የላፕቶፕ ባትሪ በእውነተኛው የሚቀይር ሰው ደብረ ሲና ላይ አለ? ጣርማበርን ወጥቼ ደብረ ብርሃን መሄድ ሰልችቶኛል።

ጠባሴ ሠፈር፦
ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ፎቅ ላይ ያለው ልጅ ይቀይራል።