የድሮ ስታንሊ መላጊያ፦ ማጥበቂያው ተሰብሯል፣ ዳዶዋ ጠፍታለች፤ በርካሽ እንዴት ይሠራ?

አናጺ ዘሰበታ

ሰላም ለሁላችሁ። መላጊያው የብረት ነው፣ ስታንሊ ቁጥር 5። ገላው፣ ምላጩና እጀታው ደህና ነው። የጎደለው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ምላጩን ከላይ የሚጫነው ማጥበቂያ ክዳን ቀዳዳው ጋ ለሁለት ተሰብሯል። ሁለተኛ፣ ከኋላ ሆና ምላጩን የምታስወጣውና የምትመልሰው ቢጫዋ ዳዶ የለችም። ዳዶዋ የምትገባበት ብሎንና የዳዶዋን እንቅስቃሴ ወደ ምላጩ የሚያስተላልፈው ሹካ አሉ። የ8 ዳዶ ይሰፋዋል፣ የ6 አይገባም፣ የ7 ደግሞ ጀምሮ ወዲያው ይይዛል። ከውጭ ላስመጣ ብል የመላጊያውን ዋጋ ያስንቃል። ቶርኖ ቤት ደግሞ "ናሙና አምጣ" ነው መልሱ፤ ናሙናው ቢኖርማ ምን አስኬደኝ! ከሰበታ እስከ ጀሞ ባለው መስመር የሚሠራ ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ።

ቶርኖ ገላን

የ7 ዳዶ የያዘብህ የስታንሊ ጥርስ ሚሊሜትር ስላልሆነ ነው። ውፍረቱ የኢንች 9/32 ነው፣ ማለትም 7.14 ሚ.ሜ.። በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው፤ ከጥርስ ጥርስ 1.06 ሚ.ሜ. ይሆናል። የኤም 7 (የሚሊሜትሩ የ7 ዳዶ) ደግሞ 1 ሚ.ሜ. ነው። ልዩነቷ ትንሽ ብትመስልም ስምንተኛው ጥርስ ላይ ስትደርስ ግማሽ ሚሊ ገደማ ትሆናለች። በግድ ካስገባኸው ያለህን ብሎን ትልጠዋለህ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጥ፦ የዳዶዋ ጥርስ ግራ ነው። ብሎኑን አቁመህ እየው፤ ጥርሱ ወደ ግራ ሽቅብ ከወጣ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከወጣ ቀኝ ነው። በጣም በጥንቶቹ ላይ ቀኝም ስላለ በዓይንህ ሳታይ አታሠራ። ቆጠራውን ለማመን ብሎኑን በእርሳስ አጥቁረህ ነጭ ወረቀት ላይ አንከባልለው። 10 ጥርስ 10.6 ሚ.ሜ. ከያዘ ልክ ነው።

ቶርኖ ቤት ስትሄድ ብሎኑ የተተከለበትን መቀመጫ ከነሹካው ውሰድ፤ "ናሙና" የሚሉህ ዳዶዋ የምትገጥምበትን አካል ስላላዩ ነው። ማሽኑ 24 ጥርስ ማውጣት ይችል እንደሆነም ቀድመህ ጠይቅ። የማሽኑ መሪ ብሎን በኢንች ከሆነ ቀላል ነው። በሚሊሜትር ከሆነ ጊር መቀየር ስላለበት ብዙዎቹ ይሰለቻሉ። ጊዜ የሚበላው ማሽኑን ማዘጋጀቱ ስለሆነ አንድ ከምታሠራ ሦስት አራት አሠራ፤ ይህ መላጊያ ያላቸው አናጺዎች ሞልተዋል።

ሞረድና ሞርሳ

ገላን ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ለአንድ ዳዶ ግራ ጥርስ ማስወጣት አያስፈልግም። ብሎኑ ራሱ ጥርሱን ይሥራልህ።

ቢጫዋን ዳዶ ያለ ጥርስ አስቆርጥ። 30 ሚ.ሜ. ገደማ ውፍረት ያለው የነሐስ ቁራጭ ይበቃል። የተጣለ ትልቅ የውሃ ቫልቭ ምናለሽ ተራ በኪሎ ታገኛለህ፤ ለቆራሌው ከነገርከውም ያመጣልሃል። መሃሉ በ9 ሚ.ሜ. ይበሳ፣ የቀዳዳው ውስጥ በሹል ነገር ይቧጨር፣ ሁለት ሦስት ቦይም ይውጣለት። ዙሪያዋ ጣት እንዳያዳልጥ ይፈልፈል። ሹካው የሚገባበት ቦይ ከሹካው ጫፍ ውፍረት በ0.2 ወይም በ0.3 ሚ.ሜ. ብቻ ይስፋ። ከዚያ ካለፈ ዳዶዋን ግማሽ ዙር አዙረህ ምላጩ ሳይነቃነቅ ይቀራል።

ከዚያ ብሎኑን በነዳጅ እጠብ፣ አድርቅ፣ ሞቅ አድርገህ የንብ ሰም ቀባው፣ ወዲያው በጨርቅ ወልውለው። የሚቀረው ሰም ለዓይን መታየት የለበትም። ወፍራም ከሆነ ዳዶዋ ትላላለች፤ ያልተቀባ ቦታ ከቀረ ደግሞ ለዘላለሙ ተጣበቀች ማለት ነው። ባለሁለት ቱቦ ማጣበቂያ፣ ብረት ላይ የሚሠራውን ኢፖክሲ፣ እኩል በእኩል ደባልቀህ በጣም የላመ የብረት ብናኝ ጨምርበት። ቀዳዳውን ሙላ፣ ብሎኑን አስገባ፣ መሃል መሆኑን በሁለቱም በኩል በካርቶን ቀለበት ያዘው።

24 ሰዓት አትንካው። ክረምት ከሆነ ቅዝቃዜው ማድረቁን ስለሚያዘገየው ሁለት ቀን ተው፣ ቀን ፀሐይ ላይ አውጣው። ከዚያ እጅ የሚያቃጥል ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነክረህ ሰሙ ሲቀልጥ አዙረህ አውጣ። ዳዶዋ የምትሸከመው ምላጩን መግፋት ብቻ ስለሆነ ይህ ጥርስ ዓመታት ይቆያል።

ቶርኖ ገላን

ብልሃቱን ወድጄዋለሁ። ቀዳዳውን ግን ከ9 ይልቅ 10 አድርገው። 9 ላይ በእያንዳንዱ ጎን የሚቀረው ማጣበቂያ 1 ሚ.ሜ. እንኳ አይሞላም፤ ስስ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል።

አናጺ ዘሰበታ

ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የክዳኑ ሁለቱም ቁራጭ አለኝ። አጣብቄ ሞዴል ላድርገውና አሉሚኒየም ይፈስልኝ ወይስ ብየዳ ይሻላል?

እቶን ቡራዩ

ሁለቱም ቁራጭ ካለ ማፍሰስ ምን አመጣው? በነሐስ ይበየድ። ተራ የኤሌክትሪክ ብየዳ ግን እንዳታስነካው። ክዳኑ የተፈሰሰ ብረት ስለሆነ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ጠርዙ እንደ መስታወት ይጠጥራል፤ ሞረድ አይነካውም፣ ሲቀዘቅዝም ከብየዳው ጎን አዲስ ስንጥቅ ያወጣል።

ኦክሲጅንና አሲቲሊን ያለው ብየዳ ቤት ሂድ። ስብራቱን ከሁለቱም ፊት በሞረድ አሹለህ ቦይ አውጣለት፤ በዲስክ አትፍጨው፣ ዲስክ በብረቱ ውስጥ ያለውን ካርቦን ፊቱ ላይ ይለቀልቀውና ነሐሱ አይይዝም። ኒኬል የተቀባ ከሆነ ስፌቱ ዙሪያ ይነሳ። መሃል ላይ ትንሽ ስብራት ሳትሞረድ ተው፣ ሁለቱ ቁራጮች በትክክል የሚገጥሙት በእሱ ነው። ክዳኑ ሁሉ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ቦራክስ (ነሐሱ ብረቱን እንዲይዝ የሚረዳው ዱቄት) ይነስነስበት፣ የነሐሱ ዘንግ ይቅለጥበት። ብረቱ ራሱ መቅለጥ የለበትም። እንዳለቀ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበረው፣ ሰዓታት ይቆይ። ውሃ ቢነካው ልፋቱ ገደል ገባ።

በመጨረሻ የፊት ከንፈሩን መስታወት ላይ በተነጠፈ ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት አስተካክል። ክዳኑ ምላጩ ላይ የታሰረውን ብረት ከዳር እስከ ዳር መንካት አለበት። በአንድ ጥግ ብቻ ከነካ ምላጩ ይሸሻል፣ የእንጨቱ ፍቅፋቂም እየገባ ይወተፋል።

አሉሚኒየም ካልክ ደግሞ፦ አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ 1.3 በመቶ ገደማ ይሸበሸባል። በ50 ሚ.ሜ. ላይ 0.65 ሚ.ሜ. ማለት ነው፤ ስለዚህ ሞዴሉን በስቱኮ ማወፈር አለብህ። ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈነው፣ ኋላ ይበሳል። ድስትና የኤሌክትሪክ ሽቦ አታቅልጥ፣ ስስ ቦታ አይሞላም። የሞተር ፒስተን ሲሊኮን ስላለበት ይሻላል፤ ሶማሌ ተራ ያረጀ ፒስተን አይጠፋም። አሸዋው እርጥበት ከበዛው በእንፋሎት ይፈነዳል፣ ጫማና መነጽር የግድ ነው። ነሐስ ማቅለጥ ለሚያምርህ ደግሞ፣ በውስጡ ያለው ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ስለሚተን ነጭ ጭሱ ያሳምማል፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ለአንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ ከአሸዋ ይልቅ የመስቀል ሠሪዎቹ ዘዴ ይቀላል፦ በሰም ቅረጽ፣ በጭቃ ለብጥ፣ አድርቅ፣ ሰሙን በእሳት አውጣ፣ በቦታው ብረቱን አፍስስ። የቅኔው ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ሰሙን ቀድመህ መዝን፤ ነሐስ የሰሙን ክብደት 9 እጥፍ፣ አሉሚኒየም 3 እጥፍ ገደማ ይፈልጋል፣ መፍሰሻው ላይ ለሚቀረው ሌላ ጨምር።

ሞረድና ሞርሳ

ብየዳው ባይሳካ የክዳኑን ቅርጽ እንዳለ መድገም ግዴታ አይደለም፤ ሥራው ከፊት መጫን ብቻ ነው። ከ50 በ8 ሚ.ሜ. ጠፍጣፋ ብረት በተሰበረው ክዳን ልክ ቁረጥ። ቀዳዳውን አቅጣጫውን ከተሰበረው አይተህ አውጣ፤ የቀዳዳው ሰፊ ጫፍ በክዳኑ ውስጥ ከሚያልፈው መሃለኛ ብሎን ራስ በ1 ሚ.ሜ. ይስፋ፣ ጠባቡ ጫፍ 7.5 ሚ.ሜ. ይሁን። ክዳኑን በምታጠብቀው ተጣጣፊ ምላስ ፋንታ ከላይኛው ጫፍ 12 ሚ.ሜ. ገባ ብለህ በ6.8 ብሳና የኤም 8 ጥርስ አውጣ፣ ቢራቢሮ ብሎን አስገባ። የብሎኑ ጫፍ ከታች ባለው ብረት ቀዳዳ ላይ እንዳያርፍ አስቀድመህ በኖራ ምልክት ሞክር፤ ካረፈ ቦታውን ወደ ጎን 5 ሚ.ሜ. አሽሽ። ከስር ከፊት ከንፈሩ በቀር 1 ሚ.ሜ. ይጎድጉድ።

ማጥበቁንም አታብዛ። ዳዶዋ በሁለት ጣት ካልዞረች ቢራቢሮውን ሩብ ዙር ፍታው፣ በተለይ የኢፖክሲ ጥርስ ከሆነ።