የኦስካር ዕጩዎቹን ያያችሁ፣ ያዳላሁት እኔ ነኝ?

የሸዋበር ልጅ፦

ሰላም የፊልም ሰዎች። ነገሩ ያለፈ ነው፤ እኔን ግን አልለቀቀኝም። የ97ኛውን ኦስካር ነው የምላችሁ።

ሥነ ሥርዓቱ ሎስ አንጀለስ ላይ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 2017 ነበር፣ እኛ ዐድዋን ያከበርንበት ዕለት። እነሱ ዘንድ ገና ሲመሽ ደሴ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። ረመዳን ከገባ ሁለት ቀኑ ስለነበር ለሱሑር መነሳቴ አልቀረም። እማ ሾርባ ስታሞቅ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ውጤቱን እከታተላለሁ።

ለምርጥ ፊልም ከታጩት 10 ፊልሞች 6ቱን አይቻለሁ። ሁሉንም በፍላሽ አስጭኜ ነው። ጥራቱን አትጠይቁኝ። አንዱ ላይ የሰው ሳል ይሰማል።

«አኖራ» አሸነፈ። የእኔ ልብ ግን ከብራዚሉ «አይም ስቲል ሂር» ጋር ነበር። የምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ሽልማትን ወስዷል፤ ለብራዚል በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ነው። በዚያ ዓመት ብቻ 13 ዕጩነት ያገኘውን «ኤሚሊያ ፔሬዝ»ን አስከትሎ ማለት ነው። እኔ ግን ዋናውንም ይገባው ነበር ባይ ነኝ።

ላላያችሁት፦ ጊዜው 1971 ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር። ብራዚልን ወታደሮች ይገዛሉ። ሩበንስ ፓይቫ የሚባል የቀድሞ የምክር ቤት አባል ሪዮ ካለው ቤቱ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ይወሰዳል። አልተመለሰም። ሚስቱ ዩኒስ አምስት ልጆች ይዛ ትቀራለች። እውነተኛ ታሪክ ነው፤ መጽሐፉን የጻፈው የገዛ ልጃቸው ነው።

ፊልሙን ያየሁት ከእማ ጋር ነው። እንግሊዝኛ ስለማታነብ ጽሑፉን እኔ እየተረጎምኩላት። አንዳንዴ እኔ ሳልደርስ ነገሩ ቀድሞ ይገባታል። ሰዎቹ ቤት ገብተው መጋረጃውን ሲዘጉ «ይኸው መጡ» አለች። እኔ ገና ማን እንደሆኑ አላወቅኩም።

የእማ ታላቅ ወንድም በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ ቀርቷል። እሷ ያኔ ልጅ ነበረች። አያቴ እስክትሞት ድረስ ጋቢውን እያጠበች ሳጥን ውስጥ ትመልሰው ነበር። ሰደቃ አላወጣችለትም። ሰደቃ ማውጣት ሞቷል ብሎ ማመን ነዋ።

ዩኒስ ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ የባሏን የሞት ምስክር ወረቀት ትቀበላለች። ወረቀቱን ይዛ ፈገግ ትላለች። እማ «ሰጧት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እሰይ» አለች። ለሞት ወረቀት እሰይ ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እና እውነት እንነጋገር። ፊልሙ ጥሩ ስለሆነ ነው የወደድኩት ወይስ የእኛን ቤት ስላየሁበት? ያያችሁ ፍረዱኝ።

ቦርከና፦

አብሽር ወንድሜ፣ ማዳላት መብትህ ነው። እኔ የ«አኖራ» ወገን ነኝ።

ሾን ቤከር ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ አርትዖት ሠርቶ በአንድ ፊልም አራት ኦስካር ይዞ ገብቷል። ከሱ በፊት በአንድ ፊልም አራት የወሰደ ሰው የለም። በጀቱ 6 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለሆሊውድ የሻይ ገንዘብ ናት። ከቤተሰብ ጋር እንዳታዩት ብቻ። ከእማ ጋር ብትከፍተው ኖሮ ፍላሹም አንተም ውጭ ታድሩ ነበር።

መጀመሪያው ጫጫታ ነው፣ መሀሉ ያስቃል። መጨረሻው ላይ መኪና ውስጥ፣ በረዶ እየጣለ፣ ሙዚቃ የለ ምን የለ፣ የመስታወት መጥረጊያው ድምፅ ብቻ። እዚያ ላይ ነው ያለቀስኩት። ኮምቦልቻ በዚያ ሙቀት በረዶ እያየሁ ሳለቅስ አስበኝ።

ሐይቅ ዳር፦

ሁለታችሁም «ዘ ብሩታሊስት»ን ረሳችሁት። 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ፤ ከዚያ ውስጥ 15ቱ ደቂቃ ዕረፍት ነው። እኔ ይህን አላወቅኩም። ስክሪኑ ላይ አንድ የድሮ ፎቶ ቆሞ ሰዓት ወደ ኋላ ሲቆጥር ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ያስጫንኩበት ሱቅ ድረስ ደወልኩ። ልጁ «ቡና አፍላ» አለኝ። 15 ደቂቃ ለአቦል ትበቃለች እንዴ? ገና ስቆላ ተጀመረ። ከዕረፍቱ በኋላ ያለው ክፍል የፊቱን አያክልም፤ አድሪያን ብሮዲ ግን የምርጥ ተዋናይነቱን አግኝቷል፣ ሲያንሰው ነው።

የሸዋበር ልጅ፣ ያንተ ፊልም ለምን እንዳላሸነፈ ልንገርህ። ለምርጥ ፊልም ድምፅ የሚሰጠው ሰው አንዱን ብቻ አይመርጥም፤ 10ሩንም በደረጃ ያስቀምጣል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወድቅና የሱ ድምፅ በመራጮቹ ሁለተኛ ምርጫ ይከፋፈላል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ጥቂቶች ከሚሞቱለት ፊልም ይልቅ ብዙዎች «ደህና ነው» ያሉት ሊበልጥ ይችላል። ደግሞ ያኔ ሁሉንም ሳያዩ መምረጥ ይቻል ነበር። ከሽልማቱ በኋላ ነው ዕጩዎቹን በሙሉ ያላየ በመጨረሻው ዙር በዚያ ዘርፍ አይመርጥም የሚል ደንብ ያወጡት።

የወልድያዋ፦

እኔም ያንተን ፊልም ወድጄዋለሁ፤ ግን ትንሽ አዳልተሃል። ወደ 1996 ዘሎ ከሄደ በኋላ ይሮጣል። ያቺ ሴት በዚያ ዕድሜዋ ሕግ ተምራ ጠበቃ ሆናለች፤ እሱን ማየት ፈልጌ ነበር፣ በወሬ አለፉት። ጋዜጠኞቹ ኮስተር በሉ ሲሏቸው እሷ ልጆቿን «ሳቁ» ብላ ፎቶ የምታስነሳበት ቦታ ግን ብቻውን ሽልማት ያሸልማል።

የእኔ ፊልም ለምርጥ ፊልም አልታጨም፤ «ፍሎው» ነው። የላትቪያ አኒሜሽን ነው፣ በአኒሜሽን ዘርፍ አሸንፏል። ድመቷ፣ ውሻው፣ ወፉ፣ አንድም ቃል አይናገሩም። የተሠራውም ማንም በነፃ በሚያወርደው ብሌንደር በሚባል ሶፍትዌር ነው። ከሁለት ልጆቼ ጋር አየነው። መጨረሻ ላይ ውሃው ሲጎድል ትንሿ «ዓሣ ነባሪውስ?» ብላ ስታለቅስ አመሸች። እስካሁን መልስ የለኝም።

የሸዋበር ልጅ፦

የወልድያዋ፣ እሺ፣ መሮጡን አምኛለሁ። ግን እዚያው መጨረሻው ላይ አሮጊቷን ዩኒስን አስተውለሻታል? የዋናዋ ተዋናይት የፈርናንዳ ቶሬስ እውነተኛ እናት ናት፣ ፈርናንዳ ሞንቴኔግሮ። እሷም በእነሱ አቆጣጠር በ1999 በዚሁ አዘጋጅ፣ በዋልተር ሳሌስ፣ ፊልም ለምርጥ ተዋናይት ታጭታ ሳታገኝ ቀርታለች። ልጅቷም እንደ እናቷ ባዶ እጇን ተመለሰች። እኔ ይህን ያነበብኩት በማግስቱ ነው። እማ ግን እያየች ሳለ «ይቺ አሮጊት ልጅቷን ቁርጥ» ብላኝ ነበር። ሜካፕ ነው ብዬ ተከራከርኳት።

«ፍሎው»ን ነገ አስጭናለሁ። ትርጉም አለመፈለጉ ብቻ ይበቃኛል፤ ያን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለፈልፍ አምሽቼ ድምፄ ተዘግቶ ነበር።