በሁዌ ቤተ መንግሥት በተሽከርካሪ ወንበር የሚያልፍ መንገድ አለ?

ጉልበቷን ከሚያማት እናቴ ጋር ወደ ቬትናሟ ሁዌ ከተማ ልንሄድ ነው፤ ረጅም መንገድ የምትጓዘው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ከዳ ናንግ በጠዋት ባቡር ደርሰን ማታ ስለምንመለስ፣ ከንጉየን ነገሥታት ግቢ የመረጥነው እድሳታቸው ተጠናቆ በ2024 እ.ኤ.አ. የተከፈቱትን የታይ ሆዋን የዙፋን አዳራሽና የኪየን ትሩንግን ቤተ መንግሥት ብቻ ነው፤ እናቴም ከሁሉ በላይ የጓጓችው በሸክላ ስብርባሪ የተለበጠውን የኪየን ትሩንግ ግድግዳ ለማየት ነው። ችግሩ በሁለቱ መካከል ያለው፣ በ1947 እ.ኤ.አ. የተቃጠለው የካን ቻን አዳራሽ ስፍራ እንደገና በመገንባት ላይ መሆኑ ነው። የጠየቅሁት አስጎብኚ ድርጅት «ግቢው ክፍት ነው» ከማለት በቀር ስለ አጥሩም ሆነ ስለ ደረጃዎቹ የነገረኝ የለም፤ ያገኘሁት ካርታም ከግንባታው በፊት የተሠራ ነው። በቅርቡ የጎበኛችሁ ካላችሁ፣ በደቡቡ የንጎ ሞን በር ገብቶ ከዙፋኑ አዳራሽ እስከ ኪየን ትሩንግ ደረጃ ሳይወጡ የሚያደርስ የጎን መንገድ አለ?