ከማይግሬን ጋር ስለሚመጣ ትኩሳት ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ ባሕር ዳር የምትኖረው ታላቅ እህቴ ከወጣትነቷ ጀምሮ ማይግሬን አለባት፤ ግማሽ ራሷን የሚወቅራት፣ የሚያቅለሸልሻትና ብርሃን የሚያስጠላት ሕመም በመሆኑ ምልክቱን መላው ቤተሰብ ያውቀዋል። ከክረምቱ ማብቂያ ወዲህ ግን ሕመሙ በተነሣባት ቁጥር ሰውነቷ ይግላል፤ በቴርሞሜትር ስንለካውም እስከ 38.5 ዲግሪ ይደርሳል።

ማይግሬን ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት እንደማያስከትል፣ ትኩሳት ግን ማይግሬን ያለበትን ሰው ራስ ምታት ሊቀሰቅስ እንደሚችል ተረድቻለሁ። አካባቢያችን ወባ የሚበዛበት ስለሆነ ደሟን ተመርምራ ነበር፤ ወባ አልተገኘባትም። ራስ ምታትና ትኩሳት አንድ ላይ ሲመጡ የማጅራት ገትር ነገር እንደሚያሰጋ ስለማውቅ አንገቷን ደጋግሜ እጠይቃታለሁ፤ እስካሁን አልገተራትም፣ ራሷንም ስታ አታውቅም። የመረመሯት ሐኪም ግን የቆየው ሕመሟ ነው ብለው ማስታገሻ ብቻ አዘዙላት፤ ይህ ትኩሳቱን ስለማያብራራ ልቤ አላረፈም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ የሳይነስ ቁስለት ወይም ሌላ የተደበቀ ኢንፌክሽን መኖሩን ለማወቅ የትኛውን ምርመራ እንጠይቅ? የነርቭ ስፔሻሊስት ዘንድ ነው ወይስ መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ የምንወስዳት? ደግሞም ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ስለሚያወርደው፣ ከመዋጧ በፊት ሙቀቷን እየለካን ብንመዘግብ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል?