የድሮ ፊያት ስፓይደር ደብረ ማርቆስ ላይ ለምን ጥቁር ያጨሳል?

ጥያቄ፦ አገር ውስጥ ያለ ፊያት 124 ስፓይደር ልገዛ ነው። ማርቆስ ላይ ጥቁር ያጨሳል። ለቦሎ ምርመራ ያልፋል?

መልስ 1፦ እንዲህ ሆኖ አያልፍም። ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ወለል በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ካንዴላ ፍታ፤ ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል። አሪያው (ለቀዝቃዛ ማስነሻ አየር የሚዘጋው ቾክ) ሙሉ በሙሉ መመለሱንና የአየር ፊልትሮውን አስቀድመህ እይ። ከዚያ ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) አንድ ደረጃ አሳንስ፤ 125 ከሆነ 120 አድርገው። ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) የሚስተካከለው ሞተሩ ሲሞቅ ነው።

መልስ 2፦ የድሮውን ጂግለር እንዳትጥል! ዓባይ በረሃ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ዳገቱ ላይ ቤንዚን ካነሰው ሞተሩ ይግላል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ካርቡሬተሩን አትንካ፣ ዘይት እየበላ ነው። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ሳታስለካ ቀብድ አትስጥ።