«ተሸክመው ያወጡታል» የሚሉት ደግነት

የጉለሌዋ፦ ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ የቀረቡትን ባለ ሕንፃ የሰማ አለ? ጋዜጠኛዋ «ሰባት ፎቅ ሠርተው መግቢያው ላይ ዘጠኝ ደረጃ አስቀምጠዋል፤ በዊልቸር የሚሄድ ሰው በየት ይግባ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሰውየው ምንም ሳያቅማሙ «የእኛ ሕዝብ ደግ ነው፤ አካል ጉዳተኛ ሲመጣ ጥበቃዎቹ ተሸክመው ያወጡታል» አሉ። እንደ ማፈር ቢሉ ኖሮ አልፌው ነበር። በኩራት ነው የተናገሩት። ጋዜጠኛዋም አመስግና ወደ ማስታወቂያ ሄደች።

የእድር ጸሐፊ፦ ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መወጣጫ፣ አለመሥራታቸው ጥፋት ነው፣ አልከራከርም። ተሸክሞ ማውጣትን ግን እንደ ነውር የምታወሪው ለምንድን ነው? በእድራችን እግራቸው የማይታዘዝላቸው አንድ አባል አሉ። ለቅሶ ሲሆን ወጣቶቹ ከነወንበራቸው አንሥተው ድንኳን ያስገቧቸዋል፤ የሚቀመጡትም ከፊት ነው። አዋጅ ጠቅሶ ያዘዘን የለም። መደጋገፍ የሚያሳፍረው ከመቼ ወዲህ ነው?

ባለ ዊልቸሯ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልናገር። ነገሩ የጣፈጠዎት ከተሸካሚዎቹ ወገን ሆነው ስለሚያዩት ነው። እኔ ባንክ ስሄድ ጥበቃው ብቻውን ስለማይችለኝ መንገደኛ ይጠራል። አንዱ በብብቴ ሥር ይገባል፣ ሌላው ጉልበቴን ያቅፋል፣ ሦስተኛው ባዶውን ዊልቸር እያጋጨ ከኋላ ይከተላል። ቀሚሴ ወደ ላይ ሲሰበሰብ ወደ ታች የምስብበት እጅ የለኝም፤ ሁለቱም እጆቼ የማላውቀው ወንድ አንገት ላይ ናቸው። ላይ ስደርስ ሁሉም «አይዞሽ» ይለኛል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት አሥር ብር ጭኔ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። እኔ የመጣሁት ደመወዜን ላወጣ ነበር።

የጉለሌዋ፦ ባለ ሕንፃው ይኼን ያንብቡልኝ።

የእድር ጸሐፊ፦ የኔ ልጅ፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል። ግን ያ የአያያዝ ጉድለት ነው። ጨዋ ሰው አስቀድሞ ጠይቆ፣ ሴት ከሆነች ሴት ጠርቶ ነው የሚይዘው። ክፉ አያያዝ አለና መያዝ ይቅር አይባልም።

ባለ ዊልቸሯ፦ ጨዋ ሰው እስኪገኝ ደረጃው ሥር ልጠብቅ ማለት ነው? ባንኩ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል እኮ።

መሐንዲስ ነኝ፦ እስቲ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ዘጠኝ ደረጃ በ15 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ 1 ሜትር ከ35 ነው። ራምፕ ሲሠራ ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት ይያዛል። ስለዚህ መካከል ላይ ያለው ማረፊያ ሳይቆጠር 16 ሜትር ከ20 ይፈልጋል። መንገድ ዳር 16 ሜትር ማለት ሦስት ሱቅ ነው፤ ባለ ሕንፃው የሚያየው የእነዚያን ሱቆች ኪራይ ነው። እናም ፕላኑ ላይ ራምፑን አስሎ ፈቃድ ያወጣል፤ ሲሠራ ርዝመቱን በግማሽ ይቆርጠዋል። ላዩን በተወለወለ ግራናይት ያለብሰዋል፤ ሐምሌ ሲመጣ በሁለት እግሩ የሚሄደውም ይንሸራተትበታል። በመጨረሻ የአበባ ማሰሮ ይደረደርበታል ወይም የጥበቃው ሞተር ሳይክል ይቆምበታል። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ አብዛኛው ደረጃ አስፈላጊ አልነበረም። መሬቱ ሜዳ ሆኖ ሳለ ወለሉን ከፍ የሚያደርጉት አንድም ለግርማ ሞገስ፣ አንድም ከሥሩ ግማሽ ምድር ቤት አውጥቶ ለማከራየት ነው።

ቁርጡን ተናጋሪ፦ አንተስ ስንቱን እንዲህ ያለ ፕላን ፈረምክ?

መሐንዲስ ነኝ፦ እኔ ተቆጣጣሪ ነኝ እንጂ ፕላን አልነድፍም። ተቆጣጣሪ በደብዳቤ ያሳስባል፤ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይገባል።

ሕግ አንባቢ፦ ክርክሩ ራሱ ጊዜው ያለፈበት ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ካዘዘ ቆይቷል፤ መጸዳጃ ቤቱም ጭምር። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። በቅጥር በኩል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛም ቅድሚያ እንዲያገኝ ይላል። አንዳቸውም ውስጥ «ደግ ጥበቃ ካለ ይህ አይመለከተውም» የሚል ሐረግ አላየሁም።

ቁርጡን ተናጋሪ፦ ሕገ መንግሥቱንም ጥቀስ እንጂ። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት የሚረዳው የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ነው ይላል። አቅም አልፈቀደም፤ አለቀ።

ሕግ አንባቢ፦ ለሰባት ፎቅ የፈቀደ አቅም ለዘጠኝ ደረጃ ሲሆን ነው እምቢ ያለው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካም ቢሆን በደግነት የመጣ ነገር የለም። በፈረንጆቹ መጋቢት 12 ቀን 1990 አካል ጉዳተኞች ዊልቸራቸውንና ክራንቻቸውን ታች ትተው የኮንግረሱን ሕንፃ ደረጃ በእጃቸውና በደረታቸው እየተሳቡ ወጡ። የጠየቁት የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ የተፈረመው በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው። ተሸካሚ ሞልቶ ነበር፤ እነርሱ ግን እንዲታይላቸው የፈለጉት ደረጃው ነበር። ዛሬ እናቴ በምርኩዝ እየሄደች አውቶቡሱ ጎንበስ ብሎ ያስገባታል። ሾፌሩ ደግ ይሁን ክፉ አናውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገንም።

ቁርጡን ተናጋሪ፦ «ማወቅም አላስፈለገንም»! ይኼን እንደ ድል ነው የሚነግረን። ወንድሜ፣ የምትመኝልን አገር ሰው ሰውን ማወቅ የማያስፈልገው አገር ከሆነ ራምፑን ይዘህ እዚያው ቅር። እናትህ ስትታመም አጥሚት ይዞ በርህን የሚያንኳኳው ማን ነው? አውቶቡሱ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ጎረቤት አለን፤ በረዶ ሲጥል ሳንነግረው ደጃችንን ይጠርጋል። ስለዚህ የምትፈራው ነገር አልደረሰብንም። አንተ ግን አውቶቡሱና ጎረቤቱ እንዲመሳሰሉ የፈለግኸው ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ቁርጡን ተናጋሪ፦ አላመሳሰልኩም። ማወቅ አላስፈለገንም ያልከው አንተ ነህ።

የእድር ጸሐፊ፦ ልጆች፣ ረጋ በሉ። እኔ የምለው ይህ አገር ሰውን ማካተት ከፈረንጅ አልተማረም ነው። በቅኔ ቤት ዓይነ ስውር የኔታ ወንበር ተዘርግቶላቸው፣ ሙሉ ዓይን ያለው ደቀ መዝሙር እግራቸው ሥር ተቀምጦ ሲማር ኖሯል። ተማሪው በበትር ይመራቸዋል፣ እርሳቸው በቅኔው ይመሩታል። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?

የጉለሌዋ፦ ክብሩን አልክድም። ግን የኔታ የተከበሩት ሙያ ስላላቸው ነው። ቅኔ ያልተቀኘው ዓይነ ስውር የት ነበር የሚቀመጠው? በዚያው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ እጁን ዘርግቶ። ያንኑ የኔታን የሚመራው ተማሪ በአጠገቡ ያልፍ ነበር። ሊቅ ሆነው ሲገኙ ማክበርማ ማንን ያቅታል?

ሕግ አንባቢ፦ የትነበርሽ ንጉሤን ልጥቀስ። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ ሕግ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ወሰደች። ተሸክሞ ያወጣት ሰው አለ?

የእድር ጸሐፊ፦ አለ እንጂ። ያስተማራት የሻሸመኔው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የማን ነው? የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን። አንቀጽ 36 ሳይጻፍ፣ ስምምነቱ ሳይጸድቅ፣ ደግ ሰዎች ያቆሙት ቤት ነው። ሕጉ ኋላ መጥቶ ደግነትን ከበር ሊያስወጣ አይገባም።

ሕግ አንባቢ፦ ያንን መልስ እቀበላለሁ፤ ግን ለእኔ ነው የጠቀመኝ። እዚያ ብሬል ነው ያስተማሯት፤ በጣት እየዳሰሱ ራስ የሚያነቡትን ጽሑፍ። መጽሐፍ ሲያነቡላት ቢኖሩ ኖሮ ዛሬም ስታዳምጥ ነበር።

መስማት የተሳነኝ፦ ራምፕ፣ ራምፕ፣ ራምፕ። እኔ ደረጃ እሮጥበታለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ግን ወረፋ የሚጠራው በድምፅ ስለሆነ ስሜ ተጠርቶ ያልፈኛል። ስገባ ሐኪሙ የሚያወራው ከወንድሜ ጋር ነው፤ እኔን የሚያየኝ ምላሴን ላውጣለት ሲል ብቻ ነው። ወንድሜ እጅግ ደግ ነው። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ያወራውን «ደህና ነህ ይላል» ብሎ ያሳጥርልኛል። ምን እንደ ቀነሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። አስተርጓሚ ይቅጠሩ ሲባሉ መልሳቸው «ቤተሰብ ይዘህ ና» ነው። ይህም ያው መሸከም ነው።

ቁርጡን ተናጋሪ፦ ይኼ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለብቻው ይነሣ።

መስማት የተሳነኝ፦ እዚህም ወረፋዬ አለፈ?

ባለ ዊልቸሯ፦ ሌላ ጉዳይ አይደለም። ተናገር ወንድሜ።

መሐንዲስ ነኝ፦ ለመረጃ ያህል፣ የወረፋ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ከራምፕ በጣም ይረክሳል።

መስማት የተሳነኝ፦ ሰሌዳው ወደ ክፍሉ ያስገባኛል። ከገባሁ በኋላ ያለውን የሚያስረዳኝ ሰው ነው፤ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ፣ ወንድሜ ያልሆነ።

የእድር ጸሐፊ፦ ወንድምህን እንዲህ አትማው፤ ስንቱ ወንድሙን ደብቆ በሚያሳድርበት አገር።

መስማት የተሳነኝ፦ ጋሼ፣ አላማሁትም። የሚደብቁት ብዙ ናቸውና ወንድሜ የቀነሰውን አልጠይቅ ማለት ነው?

ባለ ዊልቸሯ፦ እኔም ለጋሼ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከነወንበራቸው የምታነሧቸው አባል፣ ማንሣቱን ይወዱታል? አንድ ቀን ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?

የእድር ጸሐፊ፦ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ቢጠየቁ ይከፋቸዋል።

ባለ ዊልቸሯ፦ ስለዚህ አልጠየቃችሁም።

የእድር ጸሐፊ፦ በየለቅሶው «ተባረኩ» ይሉናል። ይህ መልስ ካልሆነ ምን ይሁን?

ባለ ዊልቸሯ፦ እኔም ጥበቃዎቹን «ተባረኩ» ነው የምላቸው። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እንዲያወጡኝ እፈልጋለሁና።

መሐንዲስ ነኝ፦ ለድንኳን ራምፕ አያስፈልግም እኮ፣ መሬት ላይ ነው የሚተከለው። ለምንድን ነው የምታነሧቸው?

የእድር ጸሐፊ፦ በሰፈሩ ኮብልስቶን ዊልቸር አይሄድማ! መንገዱን የሠራችሁት እናንተ መሐንዲሶች አይደላችሁም?

መሐንዲስ ነኝ፦ እኔ መንገድ አልሠራም፤ ሕንፃ ነኝ።

ቁርጡን ተናጋሪ፦ ፕላን አልነድፍም፣ መንገድ አልሠራም። እስቲ የምትሠራውን ንገረንና እንወቀው። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ልመለስና፣ እናትህን በየቀኑ የሚያመላልሰው ሾፌር ስሙ ማን ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አላውቅም አልኩህ እኮ።

ቁርጡን ተናጋሪ፦ ይመዝገብልኝ።